ሁለት ሳተላይቶች አንድ ማሳ ሲያዩ

ሥራዬ የሰብል አረንጓዴነትን ከሳተላይት ምስል መከታተል ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ዋናው ጠላት ደመና ነው። የአሜሪካኖቹ ሳተላይቶች ላንድሳት 8 እና 9 ተጋግዘው አንድን ቦታ በ8 ቀን አንዴ ያዩታል፤ የአውሮፓው ሴንቲኔል-2 ደግሞ ጥንድ ሆኖ በ5 ቀን። ያ ቀን ደመናማ ከሆነ አለቀ፣ ቀጣዩን ዙር መጠበቅ ነው። ቡቃያ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ የሁለቱንም ምስል አንድ ላይ መጠቀም የግድ ይሆናል።

ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። ነገር ግን በነጻ መገኘትና አብሮ መሥራት ለየቅል ናቸው።

ብዙ ሰው ልዩነታቸው የፒክስል መጠን ብቻ ይመስለዋል፤ የላንድሳት 30 ሜትር፣ የሴንቲኔል-2 10 ሜትር። እሱስ ቀላሉ ነው። ዓይን የማያየውን፣ ለምለም ቅጠል ግን በብዛት የሚያንጸባርቀውን ብርሃን፣ ቅርብ ኢንፍራሬድን እንይ። ሴንቲኔል-2 እዚያ አካባቢ ሁለት ባንዶች፣ ማለትም የተወሰነ የብርሃን ሞገድ ብቻ የሚለኩ ክፍሎች፣ አሉት፦ ሰፊው ባንድ 8 እና ጠባቡ 8ኤ። ከላንድሳት 8 ባንድ 5 ጋር የሚቀራረበው 8ኤ ነው፤ ሁለቱም 865 ናኖሜትር አካባቢ ያያሉ። ሰው ግን 10 ሜትር ስለሆነ ባንድ 8ን ይመርጣል። እህልን አንድ ቀን በአንድ ሚዛን፣ በማግስቱ በሌላ ሚዛን እንደመመዘን ነው። ሰብሉ ሳይለወጥ ግራፉ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ግን እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የመጣው ለውጥ ነው። ከዚያ ወዲህ በሚዘጋጁ የሴንቲኔል-2 ፋይሎች ውስጥ በየፒክስሉ ቁጥር ላይ 1000 ይደመራል። ምክንያቱ በቂ ነው፤ በጣም ጨለማ በሆነ ቦታ ከዜሮ በታች የሚወርዱ ቁጥሮች ተቆርጠው እንዳይጠፉ ነው። ለውጡ አስቀድሞ ተነግሯል፣ ከምስሉ ጋር በሚመጣው መግለጫ፣ በሜታዳታው ውስጥም ተጽፏል። ሆኖም ቁጥሩን ወደ ነጸብራቅ (መሬቱ ወደ መለሰው የብርሃን ድርሻ) ለመቀየር ለ10000 ብቻ የሚያካፍል አሮጌ ኮድ 1000ውን ሳይቀንስ ያልፋል። የቀይ ነጸብራቁ 0.04፣ የኢንፍራሬዱ 0.40 የሆነ ለምለም ማሳ እንውሰድ። የዕፅዋት መለኪያው (የሁለቱ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል) 0.82 ነው። በሁለቱም ላይ 0.1 ሲጨመር 0.56 ይሆናል። ኮዱ አይቆምም፣ ስህተት ብሎም አይጮህም። ሪፖርቱን የሚያነበው ሰው ድርቅ ገባ ብሎ ይደነግጣል።

ፒክስሎቹ የሚደረደሩበት ፍርግርግም አለ። ላንድሳት የመጋጠሚያ ቁጥሩን በፒክስሉ መሃል ያስቀምጣል፣ ሴንቲኔል-2 በጠርዙ። 15 ሜትር ልዩነት ነው። ለጫካ ምንም አይደል፤ ለጠባብ ማሳ ግን ጎረቤቱን መለካት ነው።

ደስ የሚለኝም አለ። የላንድሳት ባለቤቶች ኮሌክሽን 2 የተባለውን እንደገና የተዘጋጀ የምስል ክምችት ሲያወጡ፣ ምስሉን በትክክለኛ ቦታው የሚያስቀምጡባቸውን የመሬት መቆጣጠሪያ ነጥቦቻቸውን ከሴንቲኔል-2 ማመሳከሪያ ምስል ጋር አስታረቁ። የራስን ካርታ ከሌላው ጋር ለማስማማት ማንቀሳቀስ ትልቅነት ነው። ናሳም ሁለቱን አዋህዶ ያቀርባል፦ አንድ ዓይነት የከባቢ አየር እርማት፣ አንድ ዓይነት የደመና መለያ፣ የተስተካከለ የእይታ ማዕዘን፣ አንድ ፍርግርግ። በ2 ወይም በ3 ቀን አንዴ ምስል ይገኛል። ዋጋው 10 ሜትሩ ወደ 30 መውረዱ ነው። ለሰፋፊ እርሻ እቀበለዋለሁ፤ ለትንንሽ ማሳ ግን አሁንም ራሴ ማዋሃድን እመርጣለሁ።

አሁን በየጊዜው አዳዲስ ትንንሽ ሳተላይቶች ይመጥቃሉ። የአዲስ ሳተላይት ዳታ ሲደርሰኝ ምስሉን ከማየቴ በፊት ሜታዳታውን እከፍታለሁ። ቁጥሩ ወደ ነጸብራቅ የሚቀየርበት ማባዣና ተደማሪ በኮድ ሊነበብ በሚችል ቦታ አለ? እያንዳንዱ ባንድ ለየትኛው ሞገድ ምን ያህል ስሜት እንዳለው የሚያሳየው ሰንጠረዥ ወጥቷል? ናሚቢያ ውስጥ እንዳለው ጎባቤብ ባሉ የጋራ መለኪያ ቦታዎች ላይ ተፈትሿል? ሳተላይት የምትሠሩ ካላችሁ እባካችሁ ሰንጠረዡን ከማምጠቃችሁ በፊት አውጡልን። እኛ ኮዳችንን ቀድመን እናዘጋጃለን፤ የመጀመሪያው ምስል በመጣ ቀንም ከላንድሳትና ከሴንቲኔል ጎን ልናስቀምጠው እንችላለን።