«ማክሰኞ ደሙን ማን ሊለካለት ነው?»

ካርዱ ጠረጴዛው ላይ ሲወረወር ድምፁ እኔ ክፍል ድረስ ተሰማ። ወጥቼ ሳይ ሰውየው ጣቱን እየቀሰረ ሲስተርን ይሰድባታል። እሷ ምንም አልመለሰችም። እስክሪብቶ የያዘው እጇ ግን ይንቀጠቀጣል። ምክንያቱ ያው ነው፤ ተራ ረዘመብኝ። እንዲህ ሲያደርግ ሦስተኛው ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎ ሐኪም አይደለሁም። ሌላ ይፈልጉ!» አልኩት፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ።

በሩን ደርግሞት ወጣ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። (ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።)

ከሰዓት በኋላ አለቃዬ መጡ። ወሬው ደርሷቸዋል። የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ ነበር። ካርዱን አንስተው ገለጡት።

«መጨረሻ ሲለካ ስንት ነበር?»

«1.7።»

«ቀጠሮውስ?»

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ ደሙን ማን ሊለካለት ነው?»

ዝም አልኩ። ሰውየው ከልቡ ቫልቮች አንዱ፣ ሚትራል የሚባለው፣ በብረት ተተክቶለታል። ብረቱ ላይ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን ይወስዳል። ዋርፋሪን ደግሞ አንዴ ታዞ የሚተው መድኃኒት አይደለም። አይኤንአር የሚባለውን ቁጥር እየለኩ መጠኑን መጨመር ወይም መቀነስ ይፈልጋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቫልቭ ቁጥሩ ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን አለበት። ከዚያ ሲወርድ ደም ይረጋል፤ የረጋው ተነቅሎ አንጎል ውስጥ ከገባ ስትሮክ ነው። ሲያልፍ ደግሞ መድማት ይመጣል። እኔ ያባረርኩት ሰው 1.7 ላይ ነበር።

አለቃዬ አልጨረሱም። «ሦስተኛው ነው አልሽኝ። የፊተኞቹ ሁለቱ የት ተጽፈዋል?» ካርዱ ላይ አንድም መስመር የለም። «እንዲህ ከቀጠሉ አንቀበልዎትም ብለሽው ታውቂያለሽ?» አላውቅም። ከሲስተር ጋር ስናማው ነው የከረምነው። «እንግዲያው እሱ ዛሬ ነው የሰማው» አሉኝ።

ሐኪም ታካሚን ማሰናበት አይችልም ማለታቸው አልነበረም። ይችላል። መተማመን ሲጠፋ ሕክምናውም ይበላሻል። ግን መንገድ አለው። የዓለም የሕክምና ማኅበር በ1981 እ.ኤ.አ. ሊዝበን ላይ ያወጣው የታካሚዎች መብት መግለጫ፣ ታካሚው ገና ሕክምና የሚያስፈልገው ከሆነ ሐኪሙ ሌላ ቦታ እንዲያገኝ ሳይረዳውና በቂ ጊዜ ሳይሰጠው ማቋረጥ እንደሌለበት ይናገራል። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ቁስሏ ያልዳነ፣ ወይም የመውለጃ ቀኗ የደረሰ ሴትማ ጨርሶ አትሰናበትም። ታካሚው አቤቱታ ስላቀረበብሽ ማሰናበትም ቂም ነው። መሣሪያ ይዞ የሚያስፈራራ ሰው ሲመጣ ነገሩ ይለያል፤ ያኔ መጀመሪያ ራስንና ባልደረባን ማዳን ነው። የእኔው ግን ተሳዳቢ እንጂ እንደዚያ አልነበረም።

ስልክ ደወልኩ፣ አልተነሳም። ደግሜ ስደውል ልጁ አነሳች። «ምን ሆኖ ነው? አመመው እንዴ?» አለች። ጉዳዩን ለእሷ መንገር አልችልም፤ የእሱ ምስጢር ነው። ሲመጣ እንዲደውልልኝ ብቻ አደራ አልኩ። ማታ ደወለ። «የማክሰኞው ቀጠሮ እንዳለ ነው፣ ይምጡ» አልኩት። መልስ ሳይሰጥ ዘጋው።

ማክሰኞ መጣ። መጀመሪያ ደሙን ለካን፤ 1.9። መጠኑን አስተካከልኩ። ከዚያ አለቃዬ ባሉበት ተቀመጥን። ሰው ፊት እንደዚያ መናገሬ ልክ እንዳልነበረ ነገርኩት። ሲስተርን መስደብ ግን መቆም እንዳለበት፣ በዚሁ መቀጠል ከቻልን እንደምቀጥል አስረዳሁት።

«ይቅርታ አልጠይቅም። አንቺም ብትሆኚ ከዛሬ ወዲያ ሐኪሜ አይደለሽም» አለኝ።

እሱ ራሱ ስላለው ተገላገልኩ? አልተገላገልኩም። ቁጥሩ አሁንም 1.9 ነው።

ደብዳቤ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ረቂቅ አንድ ገጽ ሙሉ ስሞታ ነበር፤ አለቃዬ በእስክሪብቶ እየሰረዙ አራት መስመር አስቀሩልኝ። ከነገ ጀምሮ ለ30 ቀን ክትትልዎ እዚሁ ይቀጥላል። በዚህ መሃል ሌላ ሐኪም እንዲያገኙ እናግዝዎታለን። የመዝገብዎን ቅጂ እንሰጥዎታለን። ድንገተኛ ነገር ካጋጠመዎት ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የ30ው ቀን ነገር በየትም የሚሠራ ሕግ ሆኖ አይደለም፤ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ለዋርፋሪን ታካሚ ግን ቀኑን ከመቁጠር ይልቅ ተቀባዩን ማግኘት ይበልጣል።

ስለዚህ በእሱ ፈቃድ ለአንድ የልብ ሐኪም ደወልኩ። የቫልቩን ዓይነት፣ የቀደሙትን ልኬቶች፣ የሚወስደውን መጠን ነገርኩት። «ለምን ላክሽው?» ሲለኝ ምላሴን በላኝ፤ ሁሉንም ልዘረግፈው ነበር። «አልተግባባንም፤ ዝርዝሩ መዝገቡ ላይ በቀን በቀኑ አለ» ብዬ ተውኩት። ካርዱ ላይም «ባለጌ» ብዬ አልጻፍኩም፤ ያደረገውን ብቻ፣ ካርድ ወረወረ፣ እንዲህ አለ፣ ብዬ መዘገብኩ።

በዚያ ወር ሦስት ጊዜ መጣ። ሲስተርን ሰላም አላላትም፣ አልሰደባትምም። መጨረሻ የመጣ ቀን ቁጥሩ 2.8 ሆነ። የመዝገቡን ቅጂ ሰጠሁት። ቆሞ ገለጥ ገለጥ አደረገና መጨረሻው ገጽ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«2.8 ጥሩ ነው?»

«በጣም ጥሩ ነው።»

«ታዲያ ሲስተካከል ነው እንዴ የሚሸኙኝ፣ ዶክተር?»

የአዲሱን ሐኪም ቀጠሮ የጻፍኩበትን ወረቀት አቀበልኩት። ሐሙስ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት።