ቺንጋህ ስንት ነው?

ባለፈው እሑድ ሀገር ቤት ያለ አብሮ አደጌ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ሰላምታው ሁለት ደቂቃ፣ ጉዳዩ አሥር ሰከንድ። «ስማ፣ የስኩተሬ ሞተር አልቆለታል። እናንተ ጋ መቼም ሰው እየጣለው ነው፤ አንድ ፈልግና ሰው ሲመጣ ላክልኝ።»

የቱን ሞተር አልኩት።

«ማንኛውንም፤ ብቻ የስኩተር ይሁን።»

ልስቅ ብዬ ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ይችኑ ቃል ከሦስት ዓመት በፊት እኔ ራሴ ሰው በተሰለፈበት ተናግሬያታለሁ። ጥፋቱ ግማሹ የቋንቋችን ነው መሰለኝ። ሙሉዋንም ሞተር እንላታለን፣ ሆዷ ውስጥ ያለውንም ሞተር እንለዋለን። «ሞተሬ ተበላሸ» ያለ ሰው ጎማው ይተንፍስ ፒስተኑ ይጣበቅ የሚያውቀው እሱና ፈጣሪው ነው።

የእኔዋ ጥቁር 50 ሲሲ ነበረች፤ ዴሊቨሪ ልሠራባት ከሰው እጅ የገዛኋት። ስገዛት ያየሁት ቀለሟንና መብራቷን ነው። በአራተኛው ወር ዳገት ላይ ድምጿ ተቀየረና ቀጥ አለች። መካኒኩ ምንም ሳይናገር የዘይት መለኪያዋን መዘዘ፣ በነጭ ጨርቅ ጠረገና ጨርቁን አሳየኝ። እንደነጣ ነው። እንዲህ ያለች ትንሽ ሞተር የምትይዘው ዘይት አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም፤ እኔ ደግሞ ሲያልቅ ቀይ መብራት የሚያበራልኝ መስሎኝ አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁም። ለካ መብራቱ የላትም። ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ተጣብቋል። ሀገር ቤት ቢሆን ሬቲፊካ ቤት ወስደው፣ ሲሊንደሩን ሞርደው፣ ወፍራም ፒስተን አስገብተው ያስነሷት ነበር። እዚህ ግን «የእጁ ዋጋ ከሞተሩ ይበልጣል፣ ሌላ ፈልግ» አለኝና ወደሚቀጥለው ደንበኛ ዞረ።

ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ ሄድኩ። ባንኮኒው ላይ ያለው ልጅ ሃያ ዓመት አይሞላውም።

«ምን ዓይነት ሞተር?»

«ማንኛውም፣ የስኩተር። 50 ናት። ጥቁር ናት።»

«ኮዱስ?»

ዝም።

«እሺ፣ ቺንጋህ ርዝመቱ ስንት ነው?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቺንጋ የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው የላስቲክ ጠፍር ነው፤ በእነሱ ቋንቋ እሱና የሱሪ ቀበቶ ስማቸው አንድ ነው። ጃኬቴን ገለጥ አድርጌ ወደ ወገቤ አየሁና በሙሉ ልብ «34» አልኩት።

የሳቁት ከኋላዬ የተሰለፉት ናቸው። ልጁ አልሳቀም፤ ከንፈሩን ነክሶ ያዘው። ያ ከሳቁ የባሰ ነበር። ጃኬቴን ዘግቼ ወጣሁ። እስከ ዛሬ በዚያ መንገድ ሳልፍ እጄ ሳላዘው ወደ ቀበቶዬ ይሄዳል።

እልህ ያዘኝ። ማታ ባትሪ ይዤ መሬት ላይ ተኝቼ፣ በግራ በኩል ሞተሩ ታች ላይ የተመታውን ኮድ አገኘሁት፤ 139 ኪው ኤም ቢ። ፍቺውንም አጠናሁ። 1 ማለት አንድ ሲሊንደር፣ 39 የሲሊንደሩ ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ኪው በፋን አየር የሚቀዘቅዝ፣ ኤም ሞተር ሳይክል፣ ቢ ደግሞ 50 ሲሲ። ከሆንዳ ንድፍ ተነስቶ የቻይና ፋብሪካዎች የሚያባዙት ጂዋይ 6 የሚባለው ዘር ነው። ዕድሜ ለኮዱ፣ ከእንግዲህ የሚስቅብኝ የለም አልኩና የተጋጨች ስኩተር ከሚበታትን ሰው ያንኑ ኮድ ያለው ሞተር ገዛሁ። ስለ ቺንጋ የጠየቀኝ የለም። እኔም ቃሉን መስማት አልፈለግሁም።

የፊቱ ትልቁ ብሎን እንደ ቅቤ ገባ። ለራሴ አጨበጨብኩ። ከዚያ የኋላውን ጎማ ላስገባ ስል ጎማው ሞተሩ ላይ ተለጠፈ። ብገፋው፣ ባዞረው፣ ብሰድበው ያው ነው። ሁለት ጣት የማይሞላ ቦታ ጎደለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና ላይ ሞተር ሌላ፣ ጎማ ሌላ ነው። ስኩተር ላይ ግን የኋላው ጎማ የሚታሰረው ራሱ ሞተሩ ላይ ነው፤ ሞተሩ ከነጎማው አብሮ ይወዛወዛል። ያው 139 ኪው ኤም ቢ ደግሞ ሁለት ቁመት አለው፦ አጭሩ ለባለ 10 ኢንች ጎማ፣ ረጅሙ ለባለ 12። ኮዱ ይህን አይናገርም። የሚናገረው ቺንጋው ነው። አጭሩ ላይ ብዙ ጊዜ 669 ተብሎ ይጻፋል፣ ረጅሙ ላይ 729፤ ርዝመቱ በሚሊ ሜትር ነው። ማለትም ያ ልጅ ያን ቀን የጠየቀኝ ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር።

አሮጌውን ቺንጋ በፌስታል ይዤ ተመለስኩ። ልጁ ጀርባውን ገልብጦ አነበበው፤ 729። ቀና ብሎ አየኝና «34 አይደለም እንዴ?» አለኝ። በዚህኛው አብረን ሳቅን። ከዚያ የኋላ አሞርዛተሯ አንድ ነው ሁለት፣ ፍሬኗ ከበሮ ነው ዲስክ፣ ከሞተሩ የሚወጣው ሽቦ ሶኬቱ ስንት ጥርስ አለው እያለ ጠየቀኝና ሜትር አውጥቶ ለካ። እነሱ እንዲህ ናቸው፤ ቁጥር ካልነገርካቸው አንዲት ዳዶ አይሸጡልህም። እኛ ደግሞ «ይገባል፣ እናስገባዋለን» ብለን በሞረድና በመዶሻ እንጀምራለን፤ አንዳንዴም ይገባል፣ ክፋቱ እሱ ነው። አጭሩን ሞተር በግማሽ ዋጋ ሸጥኩት።

እናንተ «እዚያ ስደርስ ስኩተር ገዝቼ ዴሊቨሪ እሠራለሁ» የምትሉ፣ ከቀለሟ በፊት ዘይቷን ምዘዙ። በደህናዋ ቀን ኮዷንና የቺንጋዋን ቁጥር ፎቶ አንሱ፤ ከተበላሸች በኋላ በጨለማ ተኝቶ ማንበብ ደስ አይልም። «50ውን ተወውና 125 ግጠምባት፣ ትበራለች» የሚል ያገራችሁ ሰው አይጠፋም፤ ለእኔም ተነግሮኛል። በአውሮፓ 50 ሲሲ የሚነዳው በሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር በማያልፍ ምድብ ነው። ሞተሩን ስታሳድጉት መንጃ ፈቃዱም ኢንሹራንሱም የሌላ ተሽከርካሪ ይሆናል፣ እሱም የሚታወቀው የተጋጫችሁ ቀን ነው። የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ የሚሰፍር ከሆነ ለውጡን አስመዝግቡ። ወረቀቱን በስንት መከራ ያገኘ ሰው በሞተር ቁጥር ፖሊስ ፊት ሲንተባተብ አይቻለሁ።

ለአብሮ አደጌ ይህን ሁሉ በድምፅ ነገርኩት፤ ሰባት ደቂቃ ፈጀብኝ። መጨረሻ ላይ «አሁን ታች ወርደህ ኮዷን ፎቶ አንሳ፣ ቺንጋዋንም አንብብልኝ» አልኩት።

ማታ ፎቶው ደረሰ። ስኩተሯ ላይ ተቀምጦ መነጽር አድርጎ ይስቃል። ሞተሩ በእግሩ ተሸፍኗል። ከሥሩ «ቀይ ናት» ብሎ ጽፏል።