ከካርድ ክፍሉ ጀመርን፦ ደሴ ላይ የታካሚን መረጃ የጠበቅንበት መንገድ

ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የአይቲ ባለሙያ ሆኜ ስቀጠር የተሰጠኝ አደራ አጭር ነበር፤ «ሲስተሙ እንዳይቋረጥ!» መብራት ሲጠፋ፣ ኔትዎርክ ሲንቀራፈፍ፣ ፕሪንተር ወረቀት ሲይዝ መሮጥ ማለት ነው። ስለ ታካሚ ምስጢር ማንም አላነሳም። ክፋት ኖሮባቸው አይደለም። ምስጢር መጠበቅ የሐኪም እንጂ የኮምፒውተር ጉዳይ ሆኖ ስለማይታያቸው ነው።

እኔ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በብዛት ያሳለፍኩት ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ማሽኑን ከመነካካቴ በፊት ሰዉ መረጃውን እንዴት እንደሚቀባበል ማየት ፈለግሁ። ጠዋት ቀድማ የገባችው ሲስተር በራሷ ስም ሲስተሙን ትከፍታለች፤ እስከ ማታ ሁሉም በእሷ ስም ይሠራል። የላብራቶሪ ውጤት በስልክ ፎቶ ተነስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጠፋል። የካርድ ክፍሉ ስክሪን ፊቱን ወደ ወረፋው አዙሯል። በዚያ ላይ የታካሚው ሙሉ ስም ከነምርመራው ዓይነት በጩኸት ይጠራል።

ደሴ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። አጠገብህ ወረፋ የያዘው ወይ ጎረቤት ነው፣ ወይ የዕድር አባል፣ ወይ የሥራ ባልደረባ። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተው እኛ ጋ የሚታከሙ ሰዎች አሉ። እዚያ ክሊኒክ ጠፍቶ አይደለም፤ የሚያውቃቸው ሰው እንዳያያቸው ብለው ነው። አንድ አባት በመስኮቱ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ እባክሽ ስሜን ጮክ ብለሽ አትጥሪብኝ» ሲሉ ሰማሁ። ያን ቀን ስለ ፋየርዎል ማሰቤን ትቼ ስለዚያ መስኮት ማሰብ ጀመርኩ።

ስለዚህ መጀመሪያ የቀየርነው ብር የማያስወጣውን ነው። ሰው በስሙ መጠራቱ ቀርቶ በተራ ቁጥር ይጠራል። ስክሪኑ ወደ ግድግዳው ዞረ። የምርመራው ዓይነት በር ላይ አይነገርም፤ ክፍል ከተገባ በኋላ ነው።

ፓስወርዱ ግን አስቸገረ። «እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም ይግባ» ስል የካርድ ክፍሏ እትዬ ወደ ሰልፉ በእጃቸው አሳዩኝ። «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ይታይሃል? እኔ ወጥቼ እሷ እስክትገባ እኮ ቡና ተፈልቶ ይጠጣል!» እውነታቸውን ነበር። ኮምፒውተሩ አርጅቷል፣ አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ሰው በር ላይ ይከማቻል። እኔም መመሪያ ጽፌ ከመለጠፍ ይልቅ አስተዳደሩን ለምኜ የካርድ ክፍሉንና የተረኛ ክፍሉን ሃርድ ዲስክ ፈጣን በሆነው በኤስኤስዲ አስቀየርኩ፤ ራምም ጨመርንበት። መቀያየሩ የሰከንዶች ሥራ ሆነ። ከዚያ በኋላ የተከራከረኝ የለም። ሠራተኛ ደንብ የሚጥሰው ብዙውን ጊዜ ንቆ አይደለም፤ ደንቡ ሥራውን ሲያቆምበት ነው። ከዚህ ሥራ ያገኘሁት ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው፤ የቀረውን ሁሉ የሠራሁት በዚሁ ሐሳብ ነው።

ሁሉም በራሱ ስም መግባት ሲጀምር ፈቃድ መለየት ተቻለ። ካርድ ክፍል ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥርና ቀጠሮ ያያል፤ ሐኪሙ የጻፈውን አያይም። ላብራቶሪ የታዘዘለትን ምርመራ ያያል። የማንን ካርድ ማን እንደከፈተም ሲስተሙ ይመዘግባል። ይሄ መዝገብ ሁሉም በአንድ ሲስተር ስም በሚሠራበት ጊዜ ምንም ዋጋ አልነበረውም፤ እንዲያውም ያላደረገችውን ሊያስጠይቃት ይችል ነበር።

ቴሌግራሙን በደንብ ላስረዳ፤ ብዙ ተቋም ውስጥ ያለ ነገር ስለሆነ። የቴሌግራም ግሩፕም ሆነ ተራው መልእክት ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሰጠረ፣ ማለትም ከሁለቱ በቀር ማንም እንዳያነበው የተቆለፈ አይደለም፤ እንደዚያ የሆነው «ሚስጥራዊ ቻት» የሚባለው ብቻ ነው። ከዚህ የባሰው ግን ስልኩ ነው። አንድ ፎቶ ግሩፕ ላይ ሲወጣ የብዙ ሰው ስልክ ውስጥ ይገባል። ልጁ ጌም የሚጫወትበት ስልክ ላይ የሰው የምርመራ ውጤት ተቀምጧል ማለት ነው። ሥራ የለቀቀ ሰውም ከግሩፑ ካልወጣ ማየቱን ይቀጥላል። ዝም ብሎ መከልከል ደግሞ አያዋጣም፤ ሐኪሙ አዲስ አበባ ያለ ስፔሻሊስት ማማከር አለበት። የክሊኒኩን የውስጥ ልውውጥ በራሳችን ኔትዎርክ ላይ ባለ የጋራ ፎልደር ተካነው። ወደ ውጭ የሚላክ ምስል ስም፣ ዕድሜና የካርድ ቁጥር ተቆርጦለት ይወጣል፤ ምክሩ ሲገኝ ይሰረዛል። ግሩፑ ላይ አሁን የሚወጣው የተረኛ ፕሮግራም ብቻ ነው።

ፈቃድ ሳይገዛ የሚጫነውን ክራክ ዊንዶውስንም አስወገድን። እሱን ለመጫን ብዙ ጊዜ አንቲቫይረስ ይጠፋል፤ ከዚያ የፎቶኮፒ ቤት ፍላሽ ይዞት የመጣው ሁሉ ሰተት ብሎ ይገባል። ለዚህ ብር ስጠይቅ የነገርኳቸው የእንግሊዝን ታሪክ ነው። ግንቦት 2009 ዓ.ም. ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ሲዛመት፣ እንግሊዝ ውስጥ የመንግሥት ሆስፒታሎችን ከሚያስተዳድሩ 236 ተቋማት ቢያንስ 80ዎቹ ተነክተዋል። ሐኪሞች ወደ ወረቀት ተመለሱ፣ ቀጠሮዎች ተሰረዙ። ማይክሮሶፍት ግን ክፍተቱን የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነበር።

ባክአፕ፣ ማለትም የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ ላይ ማንንም ማሳመን አላስፈለገኝም። ደሴ የ2014ቱን ጦርነት አይታለች። የጤና ተቋማት ሲዘረፉ ኮምፒውተሮችም አብረው ሄዱ። ያኔ የጠፋው ዕቃ ብቻ አይመስለኝም። የዊንዶውስ ፓስወርድ ዲስኩን አይጠብቅም፤ ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የሰካ ሁሉ ፋይሉን ማንበብ ይችላል። ስለዚህ ዲስኮቹን የዊንዶውስ የራሱ የዲስክ መቆለፊያ በሆነው በቢትሎከር ቆለፍናቸው። ለዚህ የዊንዶውስ ፕሮ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሆም ዊንዶውስ ላይ ሙሉው አገልግሎት የለም። የማስመለሻ ቁልፉ በወረቀት ታትሞ ካዝና ውስጥ ነው፤ እሱ ከጠፋ መረጃውም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ሁለት ውጫዊ ዲስክ አለን፤ ሁለቱም የተቆለፉ። በየሳምንቱ እየተፈራረቁ አንዱ እዚህ ካዝና ውስጥ ሲሆን ሌላው ኮምቦልቻ፣ የባለቤቱ ሌላ ቢሮ ውስጥ ይቀመጣል። ቅጂው ካለቀ ዲስኩ ይነቀላል። ተሰክቶ የዋለ ባክአፕ ቫይረሱ ሲመጣ አብሮ ይቆለፋል። መረጃውን ከባክአፕ መመለሱንም ባዶ ላፕቶፕ ላይ ሞከርን። ያኔ ነው ፕሮግራሙ ላይ «ባክአፕ» የሚለው ቁልፍ ሲጫኑት የሚገለብጠው ዳታቤዙን ብቻ እንደሆነ የገባን። የአልትራሳውንድ ምስሎቹ ሌላ ፎልደር ውስጥ ናቸው፤ አሁን እነሱም ይገለበጣሉ። ባክአፕ ያለው ሁሉ ይሄን ሙከራ ቢያደርግ ደስ ይለኛል።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ሥራዬ ቀልሏል። አዋጁ የጤና መረጃን ከሌላው የበለጠ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል ያስቀምጠዋል፤ የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ቀድሞ «የአይቲው ልጅ አበዛው» ይባል የነበረው ነገር አሁን የማኔጅመንት ስብሰባ አጀንዳ ሆኗል። ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንሱ ላይ የእኔም ፊርማ ተጨምሯል፤ የሲስተም ስሙን የምዘጋው በዚያው ቀን ነው።

የቀረን ወረቀቱ ነው። የካርድ ክፍሉን ቁልፍ ቀይረናል፤ የሚወስደው ሰው መዝገብ ላይ ይፈርማል። የላብራቶሪው የድሮ መዝገብ ግን እስካሁን ክፍት መደርደሪያ ላይ ነው። ቁልፍ ያለው ቁም ሳጥን አናጺ ቤት አዘናል፤ እስኪደርስ መዝገቦቹ ማታ ማታ ካርድ ክፍል ገብተው ያድራሉ።