ሮም በአምስት ሰዓት

ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቀርፋፋ ሯጭ መሆን አገር ውስጥ ችግር የለውም። ታላቁ ሩጫ ላይ ከ40 ሺሕ በላይ ሰው ይወጣል፤ አብዛኛው እየጨፈረ፣ ውኃ እየተረጫጨ፣ መንገድ ላይ ከጠፋው ጓደኛው ጋር በስልክ እየተነጋገረ ነው አሥሩን ኪሎ ሜትር የሚጨርሰው። እኔም ሰባት ጊዜ ገብቼ ሙሉውን ሮጬ አላውቅም፤ የታዘበኝም የለም። ችግሩ የሚጀምረው ባንዲራ ያለበት ቆብ አድርጎ ሌላ አገር ሲሮጡ ነው።

የ43 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ኅዳር ከታላቁ ሩጫ ማግስት፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ በመጋቢት በሚካሄደው የሮም ማራቶን ተመዘገብኩ። ሮምን የመረጥኩት በአበበ ቢቂላ ምክንያት ነው እያልኩ ለሰው ሳወራ ከረምኩ። አክስቴ እቴቴ እዚያ ከ40 ዓመት በላይ ስለኖሩና ለመኝታ ስለማልከፍልም ጭምር ነው።

ልምምዱ አራት ወር ፈጀ። በሥራ ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ መስቀል አደባባይ፣ ደረጃዎቹን ከዳር እስከ ዳር እየተመላለስኩ፤ ቅዳሜ ደግሞ ረጅሙን ሩጫ ሱሉልታ። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል 2,700 ሜትር አካባቢ ከፍ ያለ ነው፤ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው አየሩ በማንኪያ ተለክቶ የሚሰጥ ነው የሚመስለው። ግን ኮሮኮንቹ ለእግር ይመቻል፣ መኪናም ብዙ አያስቸግርም። ከውሾቹ በስተቀር።

እዚያ የሚለማመዱት ልጆች አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ተሰልፈው፣ አንዱ የአንዱን እግር እየተከተለ፣ አንድ ሰው የሚሮጥ እስኪመስል እኩል እየረገጡ ያልፉኛል። «ጋሼ፣ ይበርቱ!» ይላሉ። ከስድቡ የማይሻል ማበረታቻ ይመስለኝ ነበር መጀመሪያ። አንድ ቅዳሜ ግን አንደኛው ልምምዱን ጨርሶ፣ በሶውን በፕላስቲክ ጠርሙስ እየበጠበጠ ሲመለስ አጠገቤ መጣና ጥቂት አብሮኝ ሮጠ።

«ጋሼ፣ ትከሻዎን ይልቀቁት። ጆሮዎ ላይ ወጥቷል።»

ለቀቅሁት። እውነትም ይቀላል።

«ለየትኛው ውድድር ነው?»

«ማራቶን። ሮም።»

«በስንት ይገባሉ?»

«አምስት ሰዓት ይፈጅብኛል ብዬ ነው።»

ዝም አለ። ያፍርብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «አምስት ሰዓት!» አለ እያሰበ። «እኛ እኮ አምስት ሰዓት ሮጠን አናውቅም። አይቻልም።» አላገጠብኝም፤ የምሩን ነበር። ያን ቀን 32 ኪሎ ሜትር ሞላሁ። ከዚያ በላይ ሮጬ አላውቅም ነበር።

ጥር ላይ ባቴ ተያዘ። ወጌሻው ቅባት ቀብቶ ሲያሸኝ ጣራው ላይ የወጣሁ መሰለኝ፤ ለሁለት ሳምንት ከለከለኝ፣ በዘጠነኛው ቀን ሮጥኩ። ጣሊያን ማራቶን ለመሮጥ ደግሞ የሕክምና ማረጋገጫ ያስፈልጋል፣ ልብ ተመርምሮ። ሐኪሟ ቅጹን እየሞላች፣ ቀና ሳትል፣ «የየትኛው ክለብ አትሌት ነህ?» አለችኝ። ያኔ ነው ቀና ብላ ቦርጬን ያየችው። የቪዛውን ነገር እዚህ አላነሣውም።

ሮም ሐሙስ ገባሁ። ለአዲስ አበባ ልጅ የሚገርመው ከተማው ሁሉ ፒያሳ መሆኑ ነው፤ በየሁለት መቶ ሜትሩ አንድ ፒያሳ። ሁዳዴ ነበርና ምግቡ ያስቸግረኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አስተናጋጁን በአማርኛዬ «ፓስታ በስጎ፣ ሥጋ የሌለው» ስለው ስጎዋን ሰምቶ ገባው። ለካ ስንበደራት እንዳለች ነው የወሰድናት። ከማራቶን በፊት ፓስታ ብሉ ይባላል፤ እኔ ጾሜንም ሩጫዬንም በአንድ ሳህን ጨረስኩ።

ቅዳሜ ዕለት ማረፍ ነበረብኝ፣ እግር ተሰቅሎ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ስዞር ዋልኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ኮሎሲየም አጠገብ ወዳለው ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ነው፤ ግንቡ ላይ ለአበበ መታሰቢያ ጽሑፍ አለ፣ ድሉ 50ኛ ዓመቱን ሲይዝ የተደረገ። በዚያው ዓመት፣ በ2002 ዓ.ም.፣ ሲራጅ ገና የሮምን ማራቶን ሲያሸንፍ መጨረሻው ላይ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ነው የገባው። አበበ ራሱ የገባው ከዚያው መንገድ ጫፍ፣ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነበር። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ።

ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ቀኑ ነው። ፈረንጆቹ መስከረም 10 ቀን 1960 ይላሉ። በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ውድድሩ ወደ ማታ ተጀምሮ ጨለመ፤ በጥንቱ አፒያ መንገድ ዳር የጣሊያን ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆሙ። አገር ቤት በየደጁ ችቦ በሚለኮስበት ምሽት፣ የክብር ዘበኛው ወታደር በባዶ እግሩ በጣሊያን ችቦ መካከል ይሮጥ ነበር ማለት ነው። ይህን ማንም አቀነባብሮት አይደለም፤ እንዲያው ገጠመ።

ከዚያ ፖርታ ካፔና። የአክሱም ሐውልት ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተተክሎ የነበረው እዚህ ነው፤ አበበም ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎ ያፈተለከው ሐውልቱ አጠገብ ሲደርስ ነው። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፣ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ቆመ። አሁን አደባባዩ ላይ ያሉት ሁለት አጫጭር ጥንታዊ ዓምዶች ናቸው፣ ለኒው ዮርኩ የመስከረም 11 ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ። እዚህ ላይ መመለስ ሲገባኝ በአውቶቡስ ፎሮ ኢታሊኮ ድረስ ሄድኩ። እዚያ የሙሶሊኒ ስም በትላልቅ ፊደላት የተቀረጸበት ነጭ የእብነ በረድ ሐውልት ዛሬም ቆሟል። የእኛን መልሰው የእሱን አቆይተዋል። ተናድጄ በእግሬ ስመለስ መንገድ ተሳሳትኩ። ማታ ስልኬ የቆጠረልኝ 19 ኪሎ ሜትር ነበር።

«ነገ በስንት ሰዓት ትገባለህ?» አሉኝ እቴቴ እራት ላይ።

«በአምስት ሰዓት፣ እግዜር ካለ።»

«ሲጀመርስ?»

«ሁለት ተኩል ላይ።»

በጣቶቻቸው ቆጠሩና ፊታቸው በራ። «የኛ ልጅ!» አሉ። ያን ያህል የሚያስደስት ነገር የተናገርኩ አልመሰለኝም፤ ደክሞኝ ስለነበር ዝም አልኩ። ባንዲራ ያለበትን ቆብ የሰጡኝ ያኔ ነው።

እሑድ ጠዋት ቪያ ዴይ ፎሪ ኢምፔሪያሊ ላይ ተሰለፍን። እኛ ቀርፋፎቹ ከኋላ ስለሆንን መነሻው መሥመር ጋ ለመድረስ ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀብን። ስንለቀቅ አየሩ ጉድ ነው! ከሱሉልታ በኋላ የሮም አየር በእንስራ ይቀዳል። ትከሻዬን ለቅቄ፣ ካሰብኩት በላይ እየፈጠንኩ፣ ቫቲካን አካባቢ እስክንደርስ አበበ ራሱ ነበርኩ። ሰዉ ቆቡን እያየ «ኤቲዮፒያ! ቢኪላ! ፎርሳ!» ይላል፤ እጄን አነሣለሁ።

ሰውነት የሚያጠራቅመው ስንቅ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ያልቃል ይላሉ። የእኔ 26ኛው ላይ አለቀ፤ ቅዳሜ ዕለት በልቼዋለሁና። ባቴ ያ ጥር የያዘው ቦታ ላይ ተቋጠረ። የልጅ ልጅ ሳያዩ የማይቀሩ ሴት አለፉኝ። ሙዝ የለበሰ ሰው አለፈኝ። «ቢኪላ!» የሚሉት ግን አላቆሙም፤ እንዲያውም እያነከስኩ ሲያዩኝ ይበልጥ አዘኑልኝና ጮኹ። ቆቡን አውልቄ ኪሴ ከተትኩት። ፒያሳ ናቮናን ያየሁት መሬት መሬቱን ነው፤ ኮብልስቶኗን ግን አንድ በአንድ መግለጽ እችላለሁ። ያ ልጅ «አይቻልም» ያለው ትዝ እያለኝ፣ ይኼኔ እሱ ሁለት ጊዜ ገብቶ ተኝቷል እያልኩ፣ ጥቂት እየሮጥኩ ጥቂት እየተራመድኩ ሲርኮ ማሲሞ ደረስኩ። 5 ሰዓት ከ11 ደቂቃ።

ሜዳልያውን አጥልቄ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩና ጫማዬን አወለቅሁ። ለክብር አይደለም፤ ሁለት ጥፍሬ ጠቁሯል። አንድ ጣሊያናዊ ሽማግሌ እግሬን አይቶ፣ ፊቴን አይቶ፣ ሳቀና ከልቡ አጨበጨበልኝ።

እቴቴን ያገኘኋቸው ከዚያ ነው፤ በነጠላቸው ላይ ካፖርት ደርበው፣ ፌስታል ይዘው፣ ዓይናቸው ቀልቶ።

«በአምስት ሰዓት እገባለሁ አላልከኝም? ቅዳሴ አቋርጬ ነው የመጣሁት! ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው! አንድ አበሻ ወድቋል ወይ እያልኩ ፖሊስ ሁሉ ስጠይቅ…»

ገባኝ። ሁለት ተኩል ተነሥቼ አምስት ሰዓት ላይ ልገባላቸው ነበር። በአበበ በሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ተበልጬ።

«አይ እቴቴ፣ አምስት ሰዓት የሚፈጅ ማለቴ ነበር።»

«ያን ሁሉ ሰዓት? ስትሮጥ?» ቁጣቸው ጠፋ። ጎንበስ ብለው ጫማዬን አነሡልኝ።

ወደ አውቶቡስ ስንሄድ ፖርታ ካፔናን ማቋረጥ ነበረብን። በካልሲ ነው የምራመደው። እቴቴ ከዓምዶቹ ማዶ ቆሙና መሬቱን በጃንጥላቸው ጫፍ ነኩ።

«እዚህ ነበር። እሑድ ከሥራ ስንወጣ የአበሻ ሴቶች ሁላችን እዚህ ነበር የምንገናኘው። በዚህ ሰዓት ጥላው እስከዚህ ይደርሳል።» በጃንጥላው መሥመር አሰመሩ። «በል እዚህ ጋ ተቀመጥ።»

ጥላ በሌለበት ተቀመጥኩ። ከፌስታሉ ውስጥ በሶ አወጡና መበጥበጥ ጀመሩ።