ከስንቱ?

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሌሎች ሰዎች የሰበሰቡትን ቁጥር ወደ ግራፍና ወደ ካርታ እለውጣለሁ። ደንበኞቼ በአብዛኛው በጤና፣ በውኃ፣ በትምህርትና በአካባቢ ጥበቃ ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ሲሆኑ፣ የምሠራላቸውም በቋሚነት ተቀጥሬ ሳይሆን ለአንድ ሪፖርት ወይም ለአንድ ዓውደ ጥናት ተዋውዬ ነው። እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «ኮምፒውተር ላይ ትሥላለች» ትላለች፤ ከዚህ የተሻለ አጭር መግለጫ እኔም እስካሁን አላገኘሁም። ይሁን እንጂ ሥዕሉ ከሥራው ጊዜ የሚወስደው ትንሹን ክፍል ነው። ትልቁን የሚወስደው አንድ ጥያቄ ነው፦ ከስንቱ?

ጥያቄውን ያስተማሩኝ በስታቲስቲክስ ሙያ ያረጁ፣ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ጊዜ በመስክ ተቆጣጣሪነት የሠሩ አንድ ጡረተኛ ናቸው። ስማቸውን ትቼ ጋሼ እላቸዋለሁ። ከቢሮዬ በታች ባለው ካፌ ጠዋት ጠዋት ማኪያቷቸውን ይዘው ስለሚቀመጡ፣ ለደንበኛ የምልከውን ሥራ አትሜ ወርጄ ማሳየት ልማድ ሆኖብኛል። ቀለሙን አያዩም፣ ርእሱንም አያነቡም፤ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው በቀጥታ ወደ ግርጌው ማስታወሻ ይወርዳሉ።

አንድ ጊዜ ስለ ሕፃናት መቀንጨር የሠራሁትን የመስመር ግራፍ አሳየኋቸው። መስመሩ የሚጀምረው በ1992 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከተገኘው 52 በመቶ ሲሆን፣ የሚያበቃውም በ2008ቱ ጥናት በተገኘው 38 በመቶ ነበር።

«ልጄ፣ ይህን የመጀመሪያውን ነጥብ ከየት አመጣሽው?» አሉኝ።

«ከራሱ ከሪፖርቱ ነው ጋሼ፤ እዚያው ተጽፏል።»

«መጻፉንስ ተጽፏል። በየትኛው ሜትር ተለክቶ ነው ያልኩሽ?»

መልሱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አንድ ሕፃን ቀንጭሯል የሚባለው ቁመቱ ለዕድሜው ከተቀመጠ መለኪያ ጋር ተነጻጽሮ ነው። የ1992ቱ ጥናት በወጣበት ጊዜ ይሠራበት የነበረው መለኪያ በአሜሪካ ሕፃናት ላይ የተመሠረተ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ግን ከብራዚል፣ ከጋና፣ ከሕንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከኦማንና ከአሜሪካ በተውጣጡ ሕፃናት ላይ የተመሠረተ አዲስ መለኪያ አወጣ። የእነዚያው የ1992 ሕፃናት ያው ቁመታቸው በአዲሱ መለኪያ ሲሰላ የቀነጨሩት 58 በመቶ ይሆናሉ፤ በኋላ የወጡት ሪፖርቶችም የሚያነጻጽሩት ይህንኑ ቁጥር ይዘው ነው። እኔ የመጀመሪያውን ነጥብ በአሮጌው ሜትር፣ የመጨረሻውን በአዲሱ ለክቼ በአንድ መስመር አገናኝቻቸዋለሁ ማለት ነው። ሀገሪቱ በ16 ዓመት ውስጥ ያገኘችውን የ20 ነጥብ ቅናሽ ወደ 14 አወረድኩት፤ ለዚያውም ማንንም ለመዋሸት ሳላስብ፣ ሁለት እውነተኛ ሪፖርቶችን በትክክል ጠቅሼ። ግራፉ ለደንበኛው ተልኮ፣ ደንበኛውም በስብሰባ ላይ ካሳየው በኋላ ስለነበር የማረሚያ ደብዳቤ መጻፍ ግድ ሆነብኝ። ያን ደብዳቤ የጻፍኩበትን ከሰዓት በኋላ ዛሬም ሳስታውሰው ጆሮዬን ይሞቀኛል።

ጋሼ ግን በዚህም አልለቀቁኝም። የተስተካከለውን ይዤ ስወርድ «ከመቶው ቀንሷል፤ መቶው ራሱስ ስንት ሆኗል?» አሉ። እውነትም በእነዚያ ዓመታት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ቁጥር በብዙ ስላደገ፣ የቀነጨሩት ድርሻ በወረደበት ፍጥነት ብዛታቸው አልወረደም። አልሚ ምግብ የሚገዛ ድርጅት የሚያስፈልገው ብዛቱ ነው፤ ፖሊሲው መሥራት አለመሥራቱን የሚመዝን ሰው ደግሞ የሚፈልገው ድርሻውን ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ባለ ጉዳይ ላይ ሁለት ግራፍ ጎን ለጎን ካላስቀመጥኩ ሥራውን አላስረክብም፤ ደንበኛው «ገጽ ይበላብናል» ቢልም።

በትምህርት ቤት ሒሳብ ከክፍልፋዩ መስመር በታች ያለውን ቁጥር ታሕት እንለው ነበር። በእኛ ሀገር በማኅበራዊ ጉዳይ ላይ ግራፍ የሚሠራ ሰው ዋና ችግሩ ይኸው ታሕት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ቢደነግግም፣ የመጨረሻው የተካሄደው በግንቦት 1999፣ በአፋርና በሶማሌ ደግሞ በኅዳር 2000 ነው፤ ተከታዩ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ያኔ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነዋሪ ነበራት። ዛሬ ከዚያ ተነሥተው የሚሰሉ ትንበያዎች እንደ አሰላላቸው ከ4 ሚሊዮን ገደማ አንሥቶ ከ5 ሚሊዮን በላይ እስከሚል ይለያያሉ። 800 ሺህ ሰው አንድ አገልግሎት ያገኛል እንበል፤ በአንዱ ትንበያ 20 በመቶ ይሆናል፣ በሌላው 16። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንድ ድርጅት በአምስት ዓመት ፕሮጀክት አመጣሁት ከሚለው ለውጥ ይበልጣል። ስለዚህ ሰዎች «የመረጃ ውበት» በሚሉት ዘርፍ እየሠራሁ፣ ብዙ ጊዜ የምጨቃጨቀው የትኛው ትንበያ ከታች ይግባ በሚለው ላይ ነው።

ካርታ ሲሆን ችግሩ ከቁጥሩ አልፎ ወደ መሬቱ ይዞራል። አዲስ ከተማ፣ ልደታና አራዳ ክፍለ ከተሞች እያንዳንዳቸው 10 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የማይሞላ መሬት ላይ ተጨናንቀው፣ አቃቂ ቃሊቲ ግን ከ100 በላይ ይዞ ይንጣለላል። ክፍለ ከተሞቹን በቀለም ብትሞሉ ዓይን የሚያርፈው ሰፊው መሬት ላይ ነው፤ እኔ የምኖርበትና የምሠራበት መሀል ከተማ፣ ሰው በሰው ላይ የተደራረበበት፣ በወረቀቱ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር ያክላል። ስለዚህ ከቀለም ይልቅ እንደ ሕዝቡ ብዛት የሚያድጉና የሚያንሱ ክቦችን እመርጣለሁ። ድንበሩም ባለበት አይቆይም፦ ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ 11ኛው ክፍለ ከተማ ሲሆን፣ ይህን ያልተረዳ አንድ ግራፍ በዚያ ዓመት የቦሌ ሕዝብ ድንገት የተሰደደ አስመስሎ አሳይቶ አይቻለሁ። በሀገር ደረጃም 9 የነበሩት ክልሎች ከ2012 እስከ 2015 ባለው ጊዜ 12 ሆነዋል። የቀድሞውን ደቡብ ክልል በአንድ መስመር ማስቀጠል ይቻላል፣ ወይም መስመሩን ቆርጦ ለአራት መክፈል፤ ሁለቱም ምርጫ ስብሰባው ላይ አንድ የሚያኮርፍ ሰው አያጣም።

በአካባቢ ጉዳይ ላይ ደግሞ ቁጥሩ ከላይ ይበዛና ከታች ይጠፋል። ለአብነት ችግኝን እንውሰድ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ከተገለጸ ወዲህ፣ ትንንሾቹ ድርጅቶችም ሪፖርታቸውን በተተከለው ብዛት መጀመር ይወዳሉ። እኔ የምጠይቀው ከሁለት ክረምት በኋላ ስንቱ እንደቆመ ነው። አንዳንዱ ደንበኛ ቆጥሮ ያመጣል፤ ያን ጊዜ የሚወጣው ግራፍ አጭር ቢሆንም ያኮራል። አንዳንዱ «እሱ በሚቀጥለው ምዕራፍ ነው» ይላል፤ እኔም ርእሱ ላይ «የተተከሉ» የሚለውን ቃል ጎላ አድርጌ እጽፋለሁ።

ጊዜም ታሕት አለው፤ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 በመሆኑ፣ ክረምቱ መሀሉ ላይ ይቆረጣል፦ በሰኔ የዘነበው ዝናብ በአንድ በጀት ዓመት፣ በሐምሌና በነሐሴ የዘነበው በሌላው ይመዘገባል። አንዱ ወር ራሱ ሦስት ስም አለው፤ ሐምሌ 2016 የሚለው በበጀት ቋንቋ 2017 ሲሆን፣ በለጋሹ ሠንጠረዥ ደግሞ በአብዛኛው ጁላይ 2024 ነው። ሦስት ፋይል ከሦስት ቢሮ መጥቶ በስህተት ከተጣመረ ድርቅ ባልነበረበት ዓመት ድርቅ ይወለዳል። የጳጉሜን ነገርማ አይነሣ። ወርኃዊ ዝናብን በሀገራችን አቆጣጠር በባር ግራፍ ስትሠሩ 13ኛው ባር የ5 ወይም የ6 ቀን ዝናብ ብቻ ይዞ ከነሐሴ አጠገብ ድንክ ሆኖ ይቆማል፤ ለወር የሚለውን ትቶ ለቀን አማካይ ማስላት ነው መፍትሔው። ጋሼ ይህን ሳሳያቸው ከት ብለው ሳቁና «ከስንቱ ቀን ብለሽ ጠየቅሽ፤ በቃ ጨርሰሻል» አሉኝ።

የሰዓቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የአየር መለኪያ መሣሪያ «7፡00» ብሎ የመዘገበውን እንዳለ ብተወው፣ አማርኛ አንባቢ ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት ያስባል፤ ነገሩ ግን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ተማሪና ሠራተኛ ታክሲ በሚጋፋበት፣ ጭሱም በሚበረታበት ጊዜ የሆነ ነው።

ስለ መሣሪያዎቹ ብዙ አልልም። ካርታውን በኪውጂአይኤስ፣ ስሌቱን በኤክሴልና «አር» በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም፣ የመጨረሻውን ማስዋብ በኢለስትሬተር እሠራለሁ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ሆሄ ስለሌለው፣ በላቲን ፊደል ርእስን በትልልቅ ሆሄ የሚለዩበት ዘዴ እኛ ዘንድ አይሠራም፤ ውፍረትን መጠቀም ያሻል፣ ብዙዎቹ የግእዝ ፎንቶች ግን አንድ ውፍረት ብቻ አላቸው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ ወፍራም ሙሉ ሆኖ ሲገኝ እንደ በዓል ነበር የቆጠርኩት። ስለ ቀለም ደግሞ አንድ ነገር፦ መጥፎውን በቀይ፣ መካከለኛውን በቢጫ፣ ጥሩውን በአረንጓዴ ማሳየት ሌላ ሀገር የትራፊክ መብራት ያስታውስ ይሆናል፤ እዚህ ሰንደቅ ዓላማ ሆኖ ቁጭ ይላል፣ አንባቢውም መጸዳጃ ቤት ስለሌላቸው ቀበሌዎች በሚያወራ ካርታ ላይ ባንዲራ ያያል። ሰማያዊና ብርቱካን እመርጣለሁ።

ኑሮው እንደ ማንኛውም ፍሪላንስ ሥራ ነው። ክፍያ በሦስት ዙር ይባላል፤ ሦስተኛው ዙር የሚመጣው ሪፖርቱን ሁሉም ሰው ከረሳው በኋላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በብር ተዋውዬ በዶላር የምከፍላቸው የሶፍትዌር ኪራዮች ያን ክረምት አስጨነቁኝ። ችግኙም ምንዛሪውም አንድ ቀን ላይ መዋላቸውን ያስተዋልኩት ይህን ስጽፍ ነው።

አሁን ያስረከብኩት የመጨረሻ ሥራ ስለ ከተማዋ አየር ነው። የአሜሪካ ኤምባሲ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ በሁለት ጣቢያዎች ደቃቅ ብናኞችን እየለካ ውጤቱን በየሰዓቱ ለሕዝብ ክፍት ያደርግ ነበር። ሁለት ጣቢያ ለዚህ ሁሉ ከተማ መሆኑን፣ ጉለሌ ያለው አየር መርካቶ ካለው እንደሚለይ በግርጌው ጽፌአለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለዓመታዊ አማካይ ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር 5 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ቀድሞ 10 ነበር፤ ስለዚህ መስመሮቹን ሁለቱንም አስገባሁ፣ ከመቀንጨሩ ታሪክ ወዲህ ሜትር ሲቀየር ዝም ብዬ አላልፍም። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የካቲት 25 ቀን 2017 በመላው ዓለም ካሉ ኤምባሲዎቹ የሚወጣውን ይህን መረጃ ማሠራጨት ስላቆመ፣ የእኔም መስመር እዚያው ይቆማል። የቀረውን የግራፉን ክፍል፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያለውን፣ ባዶ ተውኩት።

የድርጅቱ የኮሙኒኬሽን ኃላፊ ስልክ ደውላ «እህቴ፣ ይህ ባዶ ቦታ ያልተጨረሰ ያስመስለናል፤ ብትቆርጪውስ?» አለችኝ። ባዶው ራሱ መረጃ መሆኑን፣ ብንቆርጠው አንባቢው ልኬቱ እስከ ዛሬ የቀጠለ እንደሚመስለው ግማሽ ሰዓት አስረዳኋት፤ በመጨረሻም ተስማማች። ባለፈው ሳምንት የታተመው ሪፖርት ደረሰኝና ለጋሼ ይዤ ወረድኩ። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ እንደ ልማዳቸው ግርጌውን አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያም ጣታቸውን ወደ ግራፉ ቀኝ ጥግ ላኩ።

ባዶው ቦታ እንዳለ ነው፤ መሀሉ ላይ ግን የድርጅቱ ሎጎ በሰፊው ተቀምጦበታል።