ቤት መምቻዬን የበላው ማተሚያ ቤት

ሥዕል ያለበት የግጥም መጽሐፍ በራሳችሁ ገንዘብ ልታሳትሙ ካሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የመጻፉን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ወንድሜ ሞተ። አርባው ወጣ፣ ለቀስተኛው ተበተነ፣ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ሌሊት እየተነሳሁ በልጄ ደብተር ጀርባ መጫጫር ጀመርኩ። መጀመሪያ ስድብ ነበር፤ ለምን ጥለኸኝ ሄድክ እያልኩ። ቤት መምታት የጀመረው ቆይቶ ነው። ቀን ሲመቸኝ ደግሞ እዚህ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ወርጄ አባ ኮዳዎቹን፣ እነዚያን ትልልቅ መላጣ አሞራዎች፣ እስላለሁ። የዓሣ ትራፊ ሲጠብቁ መላጣቸውን እያየ ወንድሜ የሚያወጣላቸው ስም ነበር። እዚህ አልጽፈውም።

ፔኔቤከር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በፈረንጆች 1986 ከባልደረባው ጋር ያወጣው ጥናት አለ። ተማሪዎች ለአራት ተከታታይ ቀናት፣ በቀን 15 ደቂቃ፣ ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር ጻፉ። የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ጤና ጣቢያ መመላለሳቸው ቀነሰ። ልክ ጽፈው ሲነሱ ግን ስሜታቸው የባሰ ይከፋ ነበር። እኔም እንደዚያው ነኝ፤ የመጀመሪያ ሰሞን ከጻፍኩ በኋላ ራሴን ያመኝ ነበር። ይህን ለጎረቤቴ ለእማማ ሳጫውታቸው ሳቁብኝ። «ታዲያ ሙሾ አውራጇ ምን ስታደርግ ኖረች ልጄ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወረቀት ነክ ጉዳዮች ቀላል ናቸው። የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩን፣ አይኤስቢኤን የሚሉትን፣ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ነው። «መጀመሪያ የቅጂ መብት አስመዝግቢ» ያላችሁኝ ሁሉ ትክክል አይደላችሁም። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ፣ ባይመዘገብም፣ ጥበቃ አለው። ማስመዝገብ ማስረጃ ይሆናል፣ አልቃወምም። ግን ለሱ ብላችሁ ሥራ አታቁሙ።

አሁን ወደ ማተሚያ ቤቱ።

ይረክሳል ተብዬ አዲስ አበባ ላክሁት። ግጥሞቼ አብዛኞቹ የወል ቤት ናቸው። ስድስት ቀለም (የድምፅ ምት ማለቴ ነው)፣ ትንፋሽ፣ ከዚያ ስድስት ቀለም። ስንኙ በአንድ መስመር ካላረፈ ዜማው ይሰበራል። ይህን ገጹን ለሚያሰናዳው ለሌይአውት ሠሪው በስልክ ነገርኩት፣ በጽሑፍም ላክሁለት። የሠራው ፒዲኤፍ ሲመጣልኝ ልክ ነበር። ደስ ብሎኝ «እለፍ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ገጹን አየና «ባዶ ይመስላል» ብሎ ፊደሉን አሳደገው። ማን እንደሆነ እስከዛሬ የሚያምን የለም። ፊደሉ ሲያድግ የየስንኙ መጨረሻ ቃል ወደ ታችኛው መስመር ወረደ። መጨረሻው ደግሞ ቤት መምቻው ነው! የተረፉትን ስንኞች ግራና ቀኙን እኩል ለማድረግ ወጠሯቸው፤ ቃላቱ ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ተራራቁ። በዚህ ላይ ኒያላ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደል የጻፍኩትን ወደ ቆየ የፓወር ግዕዝ ፊደል ሲገለብጡት አንዳንድ ሆሄ ባዶ ሳጥን ሆነ። ገጽ 37 ላይ «ሟች» የሚለው ቃል «ሟ»ው ጠፍቶ «ች» ብቻ ቀረ። የወንድሜ ግጥም ላይ።

ማተሚያ ቤቱ ደወልኩ። «የኔ እህት፣ ግጥም እኮ ነው፣ ያው ነው» አለኝ ልጁ። ያው ነው! 275 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተንገላትቼ ሄድኩ። ኃላፊው ሻይ አዘዘልኝ። ሻዩ ጥሩ ነበር። ውሉን አወጣና «ጥራቱን የጠበቀ ኅትመት» ከሚለው በቀር ስለ ስንኝ ምንም እንደማይል አሳየኝ። እኔም ያው የቅጂ መብት አዋጅ ደራሲው ክብሩን በሚነካ መንገድ ሥራው እንዳይዛባበት የመቃወም መብት እንደሚሰጠው ነገርኩት። ትዕግሥት ያለው ሰው ነው፣ እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ «ፕሌቱ እኮ ወጥቷል» አለኝ፤ ፕሌት ገጹ ተቀርጾበት የሚታተምበት ሰሌዳ ነው። ብዙ ተጨቃጭቀን፣ ሳጥኑ የበዛበትን ባለ 16 ገጽ እጥፋት (ታጥፎ 16 ገጽ የሚሆነውን አንድ ትልቅ ወረቀት) ብቻ መልሰው አተሙ። ገጽ 37 ከዚያ እጥፋት ውጭ ናት።

የሥዕሉ ቀለም ላይ ግን እነሱን አልወቅስም። ስክሪን ቀለም የሚሠራው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ነው። ማተሚያው ደግሞ በአራት ቀለም ነው የሚሠራው፤ በሳያን፣ በማጄንታ፣ በቢጫና በጥቁር። ለዚህ ነው የሐይቁ ደማቅ ሰማያዊ ወይን ጠጅ ሆኖ የመጣው። ፋይሉን ቀድማችሁ ወደነዚህ አራት ቀለሞች፣ ሲኤምዋይኬ ወደሚሉት፣ ቀይራችሁ እዩት።

ውሉ ላይ ይህ ይጻፍ፦ ደራሲው በወረቀት ታትሞ የመጣ ደሚ (የመጽሐፉ ናሙና) ላይ ካልፈረመ ፕሌት አይወጣም፤ ከፈረመ በኋላ የሚነካ ፊደል የለም። ስልክ ላይ ያያችሁት ፒዲኤፍ ዋስትና አይደለም። ገጹን በ16 የሚካፈል አድርጉት፤ 70 ገጽ ወረቀት ማባከን ነው፣ 64 ወይ 80 ይሁን። «አንድ ሺህ ካላሳተምሽ አያዋጣም» የሚሏችሁን አትስሙ። የአንዱ ዋጋ ይረክሳል፣ እውነት ነው፤ ስህተቱም ግን በሺህ ይባዛል። መቶውን በዲጂታል ማተሚያ፣ እዚሁ ሐዋሳ፣ ከሠራተኛው ጎን ቆማችሁ አሳትሙ። የምርቃት ድግስም አያስፈልግም። እኔ አብዛኛውን የሸጥኩት በቴሌግራምና በቴሌብር ነው።

ደግሞ የጻፋችሁትን ሁሉ አታስገቡ። ቁስሉ ገና ያልደረቀ ግጥም ደብተር ውስጥ ይቆይ። አንድ የማላውቀው ሰው መጽሐፉን ገልጦ «ይሄ የእውነት ነው ወይስ ፈጠራ?» ብሎኛል። የምመልሰው ስላጣሁ ዋጋውን ነገርኩት።

የቀሩት ካርቶኖች አልጋዬ ሥር ናቸው። ለሚገዛ ሰው ገጽ 37ን በስክሪብቶ አርሜ ነው የምሰጠው። ለእርማቱ ዋጋ አልጨምርም።