ማይክራፎኑ መኪና ውስጥ ቀረ

ደሴ ውስጥ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ከውጭ የሚመጡ የሚሽን ቡድኖችን እቀበላለሁ። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አመጣቸዋለሁ፣ አስተረጉማለሁ፣ ለፈቃድ ከቢሮ ቢሮ አብሬያቸው እመላለሳለሁ። የጉዞው ነገር የሚለይለት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ይህን በሥራዬ አይቻለሁ።

ይኼኛው ቡድን የንባብ መነፅር ይዞ ነበር የመጣው። ሰው አርባን ሲሻገር የቅርብ ነገር ማየት ይቸግረዋል። ለልብስ ሰፊ፣ ቁርኣን ለሚያቀራ፣ ዳዊት ለሚደግም ይህ ትልቅ ችግር ነው። እንግዶቹ ደግ ሰዎች ነበሩ። የዓመት ፈቃዳቸውን ለዚህ የሰጡ፣ ቲኬቱን ከኪሳቸው የከፈሉ።

ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 ገደማ። የሐረጎን ዳገት ወጥተን ስንገባ የእንግዳ ማረፊያው ደረጃ ብቻ ትንፋሽ አሳጠራቸው። ሻይ ጠጥታችሁ ተኙ አልኳቸው። መሪያቸው ግን ፕሮግራሙን ዘርግቶ ጠበቀኝ። ሥራው ነገ ጠዋት ይጀመራል። ሰልፉ ፊት ማይክራፎን ይቆማል። ስብከትና ጸሎት ይቀድማል፣ ከዚያ መነፅር ይታደላል።

«ይሄ አይሆንም» አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። «እምነታችንን ልንደብቅ ነው እንዴ የመጣነው?»

ከልቡ ነው የጠየቀው። እኔም አማኝ ነኝ፤ ጥያቄው ይገባኛል። እዚያው ከመከራከር በማግስቱ ቦሩ ሜዳ ይዤው ሄድኩ።

ቦሩ ሜዳ ከደሴ 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ጉባኤ የጠሩት እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ደሴን መቀመጫቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤል እሳቸው ናቸው። እምቢ ያለው ግን ብዙ ነበር፤ የተሰደደም የሞተም አለ። እዚያው ቦሩ ሜዳ ደግሞ ሚሲዮናውያን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ብለው የጀመሩት ሆስፒታል አለ። ሰው የሸሸውን ቁስል ያጠቡበት ቦታ ነው።

«እዚህ አገር ሁለቱም ይታወሳሉ» አልኩት። «መነፅር ብሎ የሚሰለፈው ከግማሽ በላይ ሙስሊም ነው። መነፅሩን ለማግኘት ስብከት መስማት ካለበት፣ ትዝ የሚለው የትኛው ነው?»

አልመለሰልኝም። ሆስፒታሉን ግን ዞሮ ዞሮ አየ።

ከሰዓት የሰፈሩ የቅሬ (የእድር) ዳኛ ቤት ቡና ተጠራን። በእኛ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው፤ በአንድ ድንኳን ያለቅሳል። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ቆሎው ቀርቧል። አቦሉ ሲቀዳ አንድ ሼህ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ለእንግዶቹ ጤና፣ ለመንገዳቸው፣ አገር ቤት ትተዋቸው ለመጡት ልጆቻቸው ሳይቀር። ቤቱ በሙሉ አሚን አለ። ነጠላቸውን ያጣፉት እትዬም አሜን አሉ። ከዚያ ሼሁ ወደ መሪው ዞሩ።

«እናንተም የጸሎት ሰዎች ናችሁ አሉ። በሉ እስቲ፣ መርቁን።»

ሰውዬው አላመነም። ወደ እኔ አየ፣ ቀጥል አልኩት። ሲኒው እጁ ላይ እየተንቀጠቀጠ ጸለየ፣ እኔም አስተረጎምኩ። ሲጨርስ ሼሁ «አሚን፣ አብሽር ልጄ» አሉት።

ቶናው ላይ ሥራው ተነሳ። ዳኛው የቅሬውን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ፈቀዱ። ልብስ ሰፊዎቹ ይቅደሙ፣ እንጀራቸው ዓይናቸው ነው አሉ። ለሠራተኛው ምሳ ካበላችሁ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ እንዳታስቡ፤ በሌላው ቀን ደግሞ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ለየብቻ ይታረድ ብለው መከሩን። እንዲህ ያለው ነገር የትኛውም የፕሮግራም ወረቀት ላይ አይገኝም።

ሰልፉ በማግስቱ ተከፈተ። ማይክራፎኑ ከመኪና አልወረደም። ቡድኑ ጠዋት ማረፊያው ውስጥ ጸልዮ ይወጣል፤ ድንኳኑ ውስጥ የሚታየው ዓይን ብቻ ነው። አንድ የፒያሳ ልብስ ሰፊ መነፅሩን አጠለቀና ክሩን በምራቁ አርጥቦ በመጀመሪያው ሙከራ መርፌው ውስጥ ከተተው። ቀና ብሎ «ከዚያ ሁሉ አገር ምን አመጣችሁ?» ብሎ ጠየቀ። መሪው አጠገቡ ተቀምጦ ስለ እምነቱ ነገረው። ልብስ ሰፊውም የራሱን ነገረው። ሁለቱንም አስተረጎምኩ።

አሁን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ፕሮግራም የማወጣው እኔ ነኝ። የገቡ ዕለት ዕረፍት፣ በማግስቱ ቦሩ ሜዳና ቡና። መነፅሩ ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ የማይስማማ ቡድን ካለ ቲኬት ሳይቆርጥ በፊት እንነጋገራለን።